እንደ ጅብራ፦ ኤድዋርድ ሩፕልና ከሰሜን ተራሮች ፍራንክፈርት የገባው ተክል



ባለፈው ጸደይ ልጆቻችንን ይዘን ቬስትኤንድ የሚገኘው ፓልመንጋርተን የሄድን ጊዜ አብራችሁን የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ልጆቹ ከአንዱ የመስታወት ቤት ወደ ሌላው ይሮጣሉ፤ እኛ ደግሞ የጣሉትን ጃኬት እየለቀምን ከኋላ ከኋላቸው ነበርን። ቁልቋሎቹ ጋ ስንደርስ የሰባት ዓመቷ ልጄ ቆም አለችና አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ይህ የሜክሲኮ ነው፣ ያ የደቡብ አፍሪካ ነው፣ ያኛው የብራዚል ነው፤ የኛ አገርስ የሚገርም ተክል የለውም ወይ አለችኝ። ቡና አለ አልኳት። ቡና አይገርምም፣ እማዬ ኩሽና ውስጥ አለ ብላ መለሰችልኝ። እንሰትና ጤፍ ከአፌ ከመውጣታቸው በፊት ሌሎቹ ልጆች ጋ ሄዳ ተቀላቀለች። እኔ እዚያው እንደ ጅብራ ተገትሬ ቀረሁ።

መልሱ በገዛ ምላሴ ላይ እንደነበር የተረዳሁት ማታ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

እናቴ ደሴ ላይ ሱቅ ስትልከኝ በር ላይ ቆሜ ከዘገየሁ፣ ምን እንደ ጅብራ ትገተራለህ ትለኝ ነበር። እናንተም ሳትባሉ አልቀራችሁም። እኔ ያኔ ጅብራ የጅብ ዘመድ ይመስለኝ ነበር፤ ጅብ ለምን ቆሞ እንደሚቀር ግን አይገባኝም ነበር። እናቴም ቃሉን ከእናቷ ወረሰችው እንጂ ነገሩን በዓይኗ አይታው አታውቅም። እኔ ያየሁት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ በ2004 ዓ.ም. ነው። ከጓደኞቼ ጋር ከጎንደር በደባርቅ በኩል ወደ ሰሜን ተራሮች ወጥተን ጨነቅ በሚባለው ሰፈር አደርን። ጠዋት ከድንኳን ስወጣ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተኝቷል፤ ከጉሙ ውስጥ ደግሞ ብዙ ሰዎች ቆመው የሚያዩን መሰለኝ። ጉሙ ሲገፈፍ ሰዎቹ ተክል ሆኑ። ቀጥ ያለ ግንድ አላቸው፤ አናታቸው ላይ ረጃጅም ቅጠሎች እንደ ጎራዴ ዙሪያውን ተሰክተዋል። ከአንዳንዶቹ መሐል ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአበባ ዓምድ ወጥቷል። አብሮን የነበረው ጥበቃ ይህ ጅብራ ነው ሲለን ሁላችንም ሳቅን። እያንዳንዳችን ስንት ጊዜ ተሰድበንበታል!

ጅብራ ብዙ ዓመት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቆያል። ከዚያ አንድ ጊዜ ያብባል፤ ዘሩን በትኖ ይሞታል። ሞቶም ወዲያው አይወድቅም፤ ጠቁሮና ደርቆ ሜዳው ላይ እንደቆመ ይሰነብታል። ስድቡ ከየት እንደመጣ የገባኝ ያን የደረቀውን ሳይ ነው።

በሙያዬ የሕንፃ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ መሐንዲስ ስለሆንኩ ይህን ተክል በሙያዬ ዓይን ሳላይ ማለፍ አልችልም። ከ3,500 ሜትር በላይ ባለው የኛ ደጋ፣ ቀን ፀሐይ ቆዳ ታቃጥላለች፤ ሌሊት ውሃ በረዶ ይሆናል። የሙቀቱ ልዩነት በክረምትና በበጋ መካከል ሳይሆን በየቀኑ፣ በቀንና በሌሊት መካከል ነው። ስለዚህ በምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ተራሮች ላይ የሚበቅሉት ግዙፍ ተክሎች ከግንዳቸው አናት ላይ በክብ በተደረደሩ ቅጠሎች ለጋውን ቡቃያ ከውርጭ ይከላከላሉ። እኛ እዚህ በመስታወት ሱፍና በሁለት ድርብ መስኮት የምንሠራውን ሥራ እነሱ በቅጠል ይሠሩታል። በአንዲስ ተራሮች ላይ ፑያ ራይሞንዲ የሚባል ተክል፣ በሃዋይም ብርማ ቅጠል ያለው ሌላ ተክል አለ። እነዚያም እንደ ጅብራ ረጅም ዘመን ጠብቀው፣ አንድ ጊዜ አብበው ይሞታሉ። ከጅብራ ጋር ምንም የቅርብ ዝምድና የላቸውም፤ ተመሳሳይ ችግር ገጥሟቸው ተመሳሳይ መፍትሔ ላይ ደረሱ እንጂ። የቅርብ ዘመዱ ሌላ ነው። በየጸደዩ ከሱፐርማርኬት ገዝተን በረንዳ ላይ የምንሰቅላት፣ ጀርመኖች ሜነርትሮይ የሚሏት ትንሿ ሰማያዊ አበባ ሎቤሊያ ናት። ጅብራም ሎቤሊያ ነው። ያቺ ከደቡብ አፍሪካ የመጣች ስንዝር የማትሞላ አበባ ናት፤ ይህኛው አበባው ሲወጣ ከቤት ጣሪያ ይበልጣል።

ያን ማታ ለልጄ ፎቶ ላሳያት ብዬ የሳይንስ ስሙን ስፈልግ ነው ያልጠበቅኩት ነገር የገጠመኝ። ጅብራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳይንስ ስም የወጣለት በጎንደርም፣ በለንደንም፣ በፓሪስም አይደለም። እዚሁ ፍራንክፈርት ነው። ተክሉን ከሰሜን ተራሮች አምጥቶ እዚህ ያደረሰው ሰው የዚህች ከተማ ልጅ ነው፤ ስብስቡን የሰጠው ማኅበር ያቋቋመው ሙዚየምም ዛሬ እዚያው ቬስትኤንድ ውስጥ፣ ከፓልመንጋርተን በእግር የሩብ ሰዓት መንገድ ላይ ይገኛል። ልጄ ጥያቄውን የጠየቀችኝ መልሱ ካለበት አጠገብ ቆማ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ የዚህን ሰው ታሪክ ልንገራችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኤድዋርድ ሩፕል የተወለደው ኅዳር 20 ቀን 1794 ፍራንክፈርት ውስጥ ነው። አባቱ የባንክ ሰውና ባለጸጋ ነበር፤ ልጁንም ለንግድ ነው ያሳደገው። በ1817 ግን ወጣቱ ሩፕል ግብፅና ሲና በረሃ ሄዶ ተመለሰና ንግዱን ተወው። በዚያው ዓመት በትውልድ ከተማው በሐኪሙ በዮሐን ክርስትያን ሴንከንበርግ ስም የተሰየመ የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ማኅበር ተቋቋመ። ሁለቱ፣ ሰውየውና ማኅበሩ፣ ከዚያ በኋላ ታሪካቸው ተጠላልፎ ቀረ።

እኔን ደስ የሚለኝ ቀጥሎ ያደረገው ነገር ነው። ገንዘብ ስለነበረው ብቻ ዘሎ አልሄደም። ጣልያን አገር ገብቶ ጥቂት ዓመታት ተማረ። ፓቪያ ላይ ስለ ዕፅዋትና እንስሳት ትምህርት ተከታተለ። ጄኖቫ ላይ ደግሞ ከሥነ ፈለክ ሊቁ ከፎን ዛኽ ዘንድ ቆሞ የተገኘበትን ቦታ በከዋክብት መለካትን ተማረ። በዘመናችን ቋንቋ ጂፒኤሱን በራሱ ጭንቅላት ውስጥ ጫነ ልንል እንችላለን። ከዚያ በ1821 ሚኻኤል ሃይ ከሚባል የቀዶ ሕክምና ሰው ጋር ተነስቶ ዐቀባን፣ ኑብያንና ኮርዶፋንን ዞረ። በ1827 ሲመለስ ያመጣውን ሁሉ ለፍራንክፈርቱ ማኅበር ሰጠ። አላረፈም፤ በ1830 እንደገና ተነሳ። የዚህኛው ጉዞ መድረሻ የኛ አገር ነበር።

ምጽዋ የደረሰው በ1831 ነው። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። ጎንደር ላይ ንጉሥ የሚባል አለ፤ ሥልጣን ግን የለውም። ሰሜንን የያዙት ደጃዝማች ውቤ ናቸው። በዚያ ዘመን ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚደረገው የሲራራ ንግድ በአብዛኛው በጀበርቲና በሌሎች ሙስሊም ነጋዴዎች እጅ ነበር። የጎንደር ሙስሊሞች መኖሪያም አዲስ ዓለም የሚባለው ሰፈር ነበር። ለመንገደኛ ደግሞ ሲራራው ነፍሱ ነው። የትኛው ወንዝ መቼ እንደሚሞላ፣ የትኛው ኬላ ምን እንደሚያስከፍል፣ የትኛው ሹም ከየትኛው ጋር እንደተጣላ የሚያውቀው ነጋዴ ነው። የአያቶቻችሁ መንገድ ምናልባት ይኸው ከሆነ ቤት ውስጥ የቀረ ወሬ ካለ ጠይቁ፤ ይጠቅመናል።

ሩፕል በ1832 ከትግራይ ተሻግሮ ሰሜን ገባ። ከእሱ ጋር የሙዚየሙ ሰው ቴዎዶር ኤርክል ነበር። ሥራው የታደኑትን እንስሳት ገፎ፣ አድርቆና ሞልቶ ለሙዚየም ማዘጋጀት ነው። በዚያ ተራራ ላይ ያገኙት ነገር ቢዘረዘር ለአንድ ሰው ሳይሆን ለአንድ ትውልድ የሚበቃ ነው። ዋልያን፣ ጭላዳን፣ ቀይ ቀበሮን ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ መዝገብ ያስገባው ሩፕል ነው። ዛሬ በየጉዞ ወኪሉ ማስታወቂያ ላይ የምናያቸው ሦስቱም! ከእንስሳቱ ጎን ለጎን ዕፅዋትንም ይሰበስብ ነበር። ቅጠልና አበባውን በወረቀት መሐል አጋድሞ፣ ተጭኖ፣ በየጊዜው ወረቀቱን እየለወጠ ያደርቃል። በሰሜን ጉምና ዝናብ ውስጥ ወረቀት ማድረቅ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ጨነቅ ላይ አንዲት ካልሲ ለማድረቅ የሞከረ ያውቀዋል። ጅብራን ያህል ነገር እንዴት አድርጎ ወረቀት ውስጥ ይገባል? እንዲህ ያለ ግዙፍ ተክል ሙሉውን አይቀመጥም፤ ጥቂት አበባና ቅጠል ተወስዶ ነው የሚጠና።

ከሰሜን ወርዶ ጎንደር ገባ፤ ወራትም ተቀመጠ። እዚያ ደግሞ ሌላ ሰው ሆነ ማለት ይቻላል፤ የብራና መጻሕፍት ፈላጊ። ሊቅ አጥቁ ከሚባሉት የጎንደር ሊቅ ጋር ተወዳጀ፤ በእሳቸው እርዳታም የነገሥታቱን ታሪክ የያዙ ጽሑፎች አገኘ። እነዚያ መጻሕፍት ፍራንክፈርት ናቸው። ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ሰጥቷቸው፣ በ1897 ዝርዝራቸው በመጽሐፍ ታተመ፤ ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ተይዘዋል። ቦከንሃይመር ላንድሽትራሰ ላይ ለፈተና ስናጠና የዋልን ሰዎች ግዕዙ ከኛ ወንበር ብዙም ሳይርቅ ተቀምጦ ነበር። ማንም አልነገረን፤ እኛም አልጠየቅን።

ወደ ተክሉ ልመለስ። ሩፕል በ1834 ገደማ አገሩ ገባ። እንስሳቱን ራሱ ስም እያወጣ አሳተማቸው፤ ዕፅዋቱን ግን ለፍራንክፈርቱ ሐኪምና የዕፅዋት ተመራማሪ ለጌኦርግ ፍሬዜንዩስ ተወለት። ስሙ የምናውቀውን የሕክምና ዕቃ ኩባንያ ያስታውሳል፤ ኩባንያውን ያቋቋመው ግን ሌላ ሰው ነው፣ ያውም በ20ኛው ክፍለ ዘመን። ፍሬዜንዩስ ሰሜን ተራሮችን አላየም። ጠረጴዛው ላይ ባለው ደረቅ ነገር ብቻ ተመርቶ፣ በ1838 ጅብራን ሪንኮፔታሉም ሞንታኑም ብሎ ሰየመው። የመጀመሪያው ቃል ከግሪክኛ የተሠራ ሲሆን አበባው ምንቃር መምሰሉን ይናገራል፤ ሁለተኛው የተራራ ማለት ነው። በ1877 እንግሊዛዊው ሄምስሊ ተክሉ ከሎቤሊያ ወገን መሆኑን አይቶ ወደዚያ አዛወረው። ሞንታና የሚለው ስም ግን በሌላ ሎቤሊያ ተይዞ ስለነበር የቀድሞውን የወገን ስም ለመለያነት ወሰደና ሎቤሊያ ሪንኮፔታሉም አለው። እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ ነው አንድ ነገር የከነከነኝ። ሩፕል ለእንስሳቱ ስም ሲያወጣ አገሬውን ሰምቷል። የዋልያ የሳይንስ ስም ዋሊ ነው፤ የጭላዳ ጌላዳ ነው፤ ቦሆርም በአማርኛ ስሙ ነው የገባው። ቀይ ቀበሮ የሰሜንን ስም ይዟል። በዓለም ላይ ያለ የእንስሳት ተማሪ ሁሉ፣ ጃፓናዊውም ብራዚላዊውም፣ እነዚህን ሲጠራ ሳያውቀው የኛን ቋንቋ ይናገራል። ጅብራ ግን ወረቀት ውስጥ ሆኖ፣ ስሙን የሚናገርለት ሰው ሳይኖር ተሰየመ። ፍሬዜንዩስን አልወቅስም፤ በዘመኑ ደንብ መሠረት ሥራውን ሠርቷል። ነገር ግን ስም የሚጠሩትን ሰዎች ያገኘ ሰውና ደረቁን ቅጠል ብቻ ያገኘ ሰው የሚያወጡት ስም አንድ እንዳልሆነ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሩፕል ራሱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልዳነም። ቆቆቹን ሲሰይም አንዱን በኤርክል ስም ጠራው፤ ደጋ ላይ የምናየው ያ ትልቅ ቆቅ እስከ ዛሬ የኤርክል ቆቅ ይባላል። ኤርክል በእርግጥ ለፍቷል። ግን ገደሉን እየመሩ ያወጡት፣ በቅሎ የጫኑት፣ ዋልያው የት እንደሚውል ያሳዩት ሰዎች ስም በአንድም ወፍ ላይ የለም። በዚያ ዘመን የሁሉም ተጓዦች ልማድ ነበረ። ኋላ የመጣውና አድዋ ላይ ኖሮ በ1878 እዚያው የሞተው ቪልሄልም ሺምፐርም በስሙ የተጠሩለት ተክሎች ብዙ ናቸው። ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ጦስኝ ሳይቀር በሳይንስ ስሙ የሺምፐር ነው።

ይህን ስል ሰውየውን ማሳነሴ አይደለም። የወረሰውን ሀብት ለጉዞ አዋለ፤ ያገኘውንም ሸጦ ሊከብርበት ሲችል ለከተማው ሕዝብ ሰጠ። በ1839 የለንደኑ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳልያ ሸለመው፤ ከእንግሊዝ ውጭ ላለ ሰው ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። የኢትዮጵያ ጉዞውን በሁለት ቅጽ ጽፎ በ1838 እና በ1840 አወጣ። በኋላ ፊቱን ወደ ጥንታዊ ሳንቲሞች አዞረ። ፓልመንጋርተን በ1871 ሲከፈት የ76 ዓመት ሰው ነበር። ታኅሣሥ 10 ቀን 1884 እዚሁ በተወለደባት ከተማ በ90 ዓመቱ አረፈ። በስሙ የሚጠራው ጥንብ አንሣ በ1973 አቢጃን ሰማይ ላይ ከ11,000 ሜትር በላይ ከአውሮፕላን ጋር መጋጨቱን ለልጄ ስነግራት ከታሪኩ ሁሉ እሱ ብቻ ነው የቀራት።

ጅብራውስ ዛሬ እንዴት ነው? ጥሩ አይደለም። እርሻና ግጦሽ ወደ ላይ እየገፉት ነው። ከሥር ደግሞ ሙቀቱ እየተከተለው ይወጣል። ለማሽን ቢሆን ቀዝቃዛ ክፍል ፈልገን እናዛውረዋለን። ተራራ ግን ጫፍ አለው፤ ራስ ዳሽን ላይ ከደረሱ በኋላ ሌላ ወለል የለም። በ2016 የታተመ አንድ የተመራማሪዎች ሥራ፣ ሙቀቱ በዚህ ከቀጠለ እስከ 2080 ድረስ ለጅብራ ከሚመቸው መሬት እጅግ አብዛኛው እንደሚጠፋ አስልቷል። አበባው ላይ የሚያርፈው፣ የተከዜን ስም የያዘው የሚያብረቀርቅ ትንሽ ወፍም ሌላ ማዕድ መፈለግ ይኖርበታል። ልጄ በ2080 የስልሳ ዓመት ሰው ትሆናለች። እኔ የምፈራው ስድቡ ከተክሉ የበለጠ ዕድሜ እንዳይኖረው ነው።

በሚቀጥለው የቤተሰብ ሽርሽር እንደገና ቬስትኤንድ እንሄዳለን። መጀመሪያ ሙዚየሙን፣ ከዚያ ከፓልመንጋርተን ጎን ያለውን የዕፅዋት መናፈሻ እናያለን፤ እሱም በ1763 ሴንከንበርግ ያቋቋመው ነው፣ ወደዚህ ቦታ የተዛወረው ኋላ ነው። እናቶችና አባቶች፣ በተለይ ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከባሌና ከአርሲ የመጣችሁ፣ በአካባቢያችሁ ጅብራ ምን እንደሚባልና ለምን እንደሚያገለግል ጽፋችሁ ብትመጡ፣ ወይም ለልጆቻችሁ ነግራችሁ እነሱ ቢጽፉት፣ ሰብስበን እዚሁ ገጽ ላይ እናወጣዋለን። በአማርኛ ብቻ መሆን የለበትም። ቀኑ በማኅበራችን የቴሌግራም ቡድን ይገለጻል፤ መገናኛችን በዚስማየርሽትራሰ በኩል ያለው የፓልመንጋርተን መግቢያ ነው። ለልጆች ጃኬት አትርሱ።